በአንድ ጭልፋ ስንት ግራም? ከገርጂ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ምገባ ኤጀንሲ
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ከተማችን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ማቅረቧ በሰፈራችን የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር ነኝ። በልቶ የመጣ ልጅና ሳይበላ የመጣ ልጅ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚመስሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሥራችሁን ለማጣጣል የተጻፈ አድርጋችሁ አትውሰዱብኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የምታበሉትን ምግብ በልጅ ስንት ብር እንደሚወጣበት እንደምታሰሉ ሁሉ፣ በልጅ ስንት ግራም ፕሮቲን እንዳለውም አስሉ፤ ያሰላችሁትንም በየመመገቢያው ግድግዳ ላይ ለጥፉልን። ስሌቱ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ሳይሆን ከሕፃናት ማቆያው ይጀምር።

ነገሩን ከጭልፋው ልጀምር። የሽሮ ዱቄት በ100 ግራሙ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን አለው። ወፈር ተደርጎ የተሠራ ሽሮ ለአንድ ልጅ 30 ግራም ዱቄት ቢወስድ ልጁ 6 ግራም ፕሮቲን አገኘ ማለት ነው። ያው ድስት ውኃ ተጨምሮበት ሲቀጥን፣ በርበሬና ዘይቱ መልኩን ይዘውለት፣ ለልጁ የሚደርሰው ዱቄት ወደ 10 ግራም፣ ፕሮቲኑም ወደ 2 ግራም ሊወርድ ይችላል። ጭልፋው ያው ነው፣ ሳህኑም ያው ነው፤ ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረውም «ሽሮ በእንጀራ» የሚል ያው ቃል ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ የሆነ ሕፃን በቀን ወደ 13 ግራም ፕሮቲን እንደሚያስፈልገው ስታስቡ፣ የወፍራሙና የቀጭኑ ሽሮ ልዩነት የቀን ድርሻው ሲሶ ገደማ ነው።

ይህን ስል ጥፋቱን ከምድጃው ፊት በቆሙት መጋቢ እናቶች ላይ ለመጣል አይደለም። በተመደበላቸው ገንዘብ ድስቱን ለሁሉም ማዳረስ አለባቸው፤ የአተርና የሽምብራ ዋጋ ሲጨምር የሚያዳርስላቸው ውኃ ነው። በየቤታችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው። እንጀራውም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ የገባበት እንጀራ ገበያውን ይዟል፤ ጤፍ በ100 ግራም ከ10 ግራም በላይ ፕሮቲን ሲኖረው ሩዝ ወደ 7 ግራም ነው ያለው። ነጣ ብሎ ሲታይ ያምራል፣ ከልጁ ሳህን ላይ ግን አንድ ነገር ቀንሶ ሄዷል።

በግራም መቁጠርም ብቻውን አይበቃም። ፕሮቲን ከአሚኖ አሲዶች ይሠራል፤ ከነዚህ ውስጥ ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል የግድ ከምግብ መምጣት አለባቸው። ከዘጠኙ አንዱ ሲያንስ የቀሩት ስምንቱ ቢትረፈረፉም ሥራው ባነሰው ልክ ይቆማል፤ ገርጂ ውስጥ ሁልጊዜ እንደምናየው ግንበኛው ብሎኬት ተከምሮለት ሲሚንቶ ሲያልቅበት እንደሚቀመጠው ማለት ነው። ስንዴ፣ በቆሎና ሩዝ የሚያንሳቸው ላይሲን ነው። በስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ያለው ላይሲን በጥራጥሬ ውስጥ ካለው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጤፍ ከሌሎቹ እህሎች ይሻላል፣ ግን እሱም ጥራጥሬን አይተካም። ጥራጥሬ ደግሞ በላይሲን ሀብታም ሆኖ ሜቲዮኒን ያንሰዋል፤ እሱን እህሉ ይሞላለታል። እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር፣ የልጆች ምጥን፣ እነዚህ ሁሉ ይህን ጉድለት አያቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ የሞሉባቸው ናቸው። ዳቦ በሻይ ግን አይሞላም። ፓስታ በቲማቲምም አይሞላም።

አሁን ወደ አንጎል ልግባ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነውና። ፕሮቲን ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ጡንቻ ነው። በሰፈራችን ጂሞች የሚሠሩ ጎረምሶች ከአይብ ውኃ የተሠራውን፣ ከውጭ የሚገባውን የፕሮቲን ዱቄት በውድ ገዝተው እየበጠበጡ ይጠጣሉ። ይጠጡ፣ አልቀናባቸውም። ግን ያ ዱቄት በዓለም ካሉት የፕሮቲን ምንጮች ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ከጂሙ ጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት የሚያድገው ሕፃን ከነሱ ይበልጥ ያስፈልገዋል። አንጎል ውኃው ቢወጣለት የሚቀረው በአመዛኙ ስብና ፕሮቲን ነው። አንዱ የነርቭ ሴል ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ መልእክቱን የሚይዙት ተቀባዮች፣ የነርቩን ክር ሸፍኖ መልእክቱን የሚያፋጥነው ማይሊን፣ በሁሉም ውስጥ ፕሮቲን አለ። አንዴ ተሠርቶም ለዘለዓለም አይቀመጥም። በአይጦች ላይ በተደረገ ልኬት ከአንጎል ፕሮቲን ግማሹ በአማካይ በ9 ቀን ገደማ ፈርሶ ይታደሳል። ስለዚህ አንጎል ጥሬ ዕቃ የሚፈልገው አንድ ጊዜ ሳይሆን በየዕለቱ ነው።

ጥሬ ዕቃው በደም ይመጣል። ትሪፕቶፋን፣ ታይሮሲን፣ ሉሲንና ሌሎችም ከደም ወደ አንጎል የሚሻገሩት በአንድ ዓይነት ማጓጓዣ እየተሻሙ ነው። ከተሻገሩ በኋላ ትሪፕቶፋን ሴሮቶኒን ይሆናል፣ ታይሮሲን ደግሞ ዶፓሚን፤ እንቅልፍን፣ ስሜትን፣ ትኩረትን የሚያስተዳድሩት እነዚህ ናቸው። አስፈላጊ ከሆኑት አሚኖ አሲዶች አንዱ በሴሉ ውስጥ ሲያንስ ጂሲኤን2 የሚባል ፕሮቲን ጉድለቱን ለይቶ ያውቅና አዲስ ፕሮቲን የመሥራቱን ሥራ ያቀዘቅዛል፤ ኤምቶር የሚባለውና በደህና ጊዜ «ሥሩ» የሚለውም ድምፁን ይቀንሳል። ለሴሉ ብልህነት ነው፣ ባለው ያድራል። በማደግ ላይ ላለ አንጎል ግን መሠራት የነበረበት ሳይሠራ ቀኑ ያልፋል።

እውነት ነው፣ ሰውነት ለአንጎል ያደላል። ልጅ ሲጎዳ መጀመሪያ የሚከሳው ክንዱና ጭኑ ነው፤ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ ትልቅ መስሎ የሚታየውም ለዚህ ነው። ይህ አድልዎ ብዙ ወላጅ ያዘናጋል። አድልዎውም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 ማይረን ዊኒክና ባልደረባው በአይጦች ላይ ያሳዩት ይህንን ነበር፦ ሴሎች በሚባዙበት በመጀመሪያው ዕድሜ የተራበ እንስሳ የሴሎቹ ቁጥር ያንሳል፣ በኋላ ጠግቦ ቢበላም አይመለስለትም። ካደገ በኋላ የተራበው ግን የሚያንሰው የሴሎቹ መጠን ነው፤ ሲበላ ይመለሳል። በሰው ልጅ የመጀመሪያው ዕድሜ መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሕፃን ሲወለድ አንጎሉ ከአዋቂው ሩብ ገደማ ነው፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሦስት አራተኛ ይደርሳል። አንደኛ ክፍል ሲገባ ግንባታው በአብዛኛው ተገባዷል።

ባርባዶስ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ለአስተማሪ የሚያም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1972 ከተወለዱት መካከል በመጀመሪያ ዓመታቸው በከባድ የምግብ እጥረት ሆስፒታል የገቡ ሕፃናት ተመዝግበው ነበር። ታከሙ፣ ዳኑ፣ ምግብና ክትትልም አላጡም። ጃኒና ጋለርና ባልደረቦቿ እነዚህን ልጆች እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታተሏቸው። በቁመትና በክብደት እኩዮቻቸውን ደረሱ። ትምህርት ቤት ግን ከነሱ 60 በመቶዎቹ የትኩረት ችግር ሲታይባቸው፣ ካልተራቡት የክፍል ጓደኞቻቸው ችግሩ የታየባቸው 15 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ችግሩ 40 ዓመት ሲሞላቸውም አልለቀቃቸውም። በአካል ያደገ፣ የማይታመም፣ የትምህርት ዕቃው ያልጎደለበት ልጅ ለምን ሰሌዳው ላይ ዓይኑን ማቆየት አቃተው ብሎ «ሰነፍ» የሚለው አስተማሪ በየትኛውም አገር አለ።

ጓቴማላ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች፣ በሁለቱ ፕሮቲን ያለው አጥሚት መሰል መጠጥ፣ በሁለቱ ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ለሕፃናትና ለእናቶች ይታደል ነበር። ከተወለዱ እስከ ሁለት ዓመታቸው የመጀመሪያውን ያገኙ ወንዶች ጎልማሶች ሲሆኑ በሰዓት የሚያገኙት ክፍያ ከሌሎቹ በ46 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ የጀመሩት ይህን ጥቅም አላገኙም። አጥሚቱ ከፕሮቲን ሌላ ጉልበትም ቫይታሚንም ስለነበረው ውጤቱን ሁሉ ለፕሮቲን ልሰጥ አልችልም። ጉልበት ሰጪ ምግብ ያነሰው ልጅ የበላውን ፕሮቲን ለጉልበት ስለሚያውለውም እንቁላል ብቻ አምጥታችሁ እንጀራና ዘይቱን ቀንሱ የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት።

እኛም ለዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ትብብር አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ፋፋን ቀምሞ ሰጠን፤ ከኔ ዕድሜ ሰዎች ብዙዎቹ ያደጉበት ነው። በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1968 የአገራችንን ምግቦች ይዘት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አሳተመ፤ ጤፉ፣ ሽምብራው፣ እንሰቱ ተለክቶ ማለት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ዶናልድ ማክላረን የተባለ ሐኪም «ትልቁ የፕሮቲን ክሽፈት» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ዓለም ፕሮቲን ላይ ሙጥኝ ብሎ ጠቅላላ የምግብ እጥረትን ዘንግቷል የሚል ነበር፤ ብዙው ልክ ነው። ግን ከዚያ በኋላ መወዛወዣው ወደ ሌላው ጫፍ ሄደና ለብዙ ዓመታት የፕሮቲንን ጥራት የሚያነሳ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪቻርድ ሴምባና ባልደረቦቹ በማላዊ ከ300 በላይ ሕፃናት ደም መርምረው፣ በቀነጨሩት ልጆች ደም ውስጥ ዘጠኙም አስፈላጊ አሚኖ አሲዶች ካልቀነጨሩት ያነሱ ሆነው አገኟቸው። ጉዳዩ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ወጣ።

በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶው ቀንጭረው ነበር። በአማራ ክልል 46፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው የረሃብ ዋጋ ጥናት በአንድ ዓመት የደረሰውን ኪሳራ 55.5 ቢሊዮን ብር፣ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 16.5 በመቶ ብሎ ገምቶታል። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ዓላማው ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ማስቀረት ነው። የአዲስ አበባ 15 በመቶ ከክልሎቹ ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አማካይ ነው። ገርጂን ለሚያውቅ ሰው አማካይ የሚባለው ነገር ብዙ እንደሚደብቅ አይጠፋውም። ከኢምፔሪያል ወደ ሮባ ዳቦ ሲኬድ ካፌው፣ ቪላው፣ አዳዲሱ አፓርታማ አለ። ከቪላዎቹ ጀርባ በሰርቪስ ክፍሎች፣ በመብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ለሁለት ተከፍሎ የሚኖሩ የቀን ሠራተኞች፣ ጉሊት ቸርቻሪዎች፣ ልብስ አጣቢዎች አሉ። ማታ ማታ ግሮሰሪዎቹ በር ላይ የተቀቀለ እንቁላል ከሚጥሚጣ ጋር ይዘው የሚዞሩ ልጆች ታያላችሁ። የሚበላው ቢራ የያዘው ሰው ነው። የሻጩ ታናሽ ወንድም ቤት ውስጥ ምን በልቶ እንደተኛ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ስለ እንቁላል ካነሳሁ አይቀር፣ ተአምር ነው አልልም። ኢኳዶር ውስጥ ከ6 እስከ 9 ወር ለሆኑ ሕፃናት ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል ሲሰጥ መቀንጨር በግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ ማላዊ ውስጥ ሲደገም ግን በዕድገት ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም፤ እዚያ ልጆቹ ቀድሞም ዓሣ ያገኙ ነበር። እንቁላል ሥራ የሚሠራው ሌላ በሌለበት ነው። በእኛ ሰርቪስ ቤቶች ሌላ የለም። አንዱ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ዘጠኙም አሚኖ አሲድ ተሟልቶ፤ ለአንጎል የሚጠቅመው ኮሊንም በውስጡ ነው።

ስለ ጾምም ሳልናገር ባልፍ ደብዳቤው ግማሽ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጾም አላዘዘችም። ሆኖም በብዙ ቤት እናቱ ስትጾም ልጁም አብሮ ይጾማል፤ ሃይማኖቱን ከማጥበቅ ሳይሆን ድስቱና ሳህኑ እንዳይነካካ ከመጠንቀቅ፣ ወይም ለአንድ ሕፃን ብሎ ወተት የሚገዛ ስለሌለ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ለንስሐ አባቷ ብትናገር የሚፈቀድላት ብዙ ነገር አለ፤ ጎረቤት ምን ይለኛል ብላ ነው የምትተወው። ለከተማችን የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ቤት ለቤት የሚዞሩት አማካሪዎች ይህን ነገር ሳይፈሩ እንዲያነሱት አድርጉ። የገርጂ ጊዮርጊስን ጨምሮ በየደብሩ ያሉ አባቶችም ቢነገራቸው የሚቃወሙ አይመስለኝም፤ በአማራ ክልል ካህናት ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በጾም ወቅትም የእንስሳት ተዋጽኦ እንዲሰጥ ሲያስተምሩ ቆይተዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ። የሽሮ ዱቄቱ ይብዛ ስል የምን ሽሮ እንደሆነም ይታይ። ርካሽ ሽሮ ሲገኝ ጓያ ገብቶበት ይሆን ብላ የማትጠረጥር የቤት እመቤት የለችም። ጓያ በፕሮቲንም በላይሲንም የበለጸገ ነው፤ ነገር ግን ኦዳፕ የተባለ የነርቭ መርዝ ይዟል። በደንቢያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በደላንታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ሲመታ ከጓያ በቀር የሚበላ ያጡ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኗል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ዕድሜያቸውን ከሰጡባቸው በሽታዎች አንዱ ይህ ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ጓያው ሜቲዮኒን ካላቸው እህሎች ጋር ሲቀላቀል አደጋው ይቀንሳል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ፕሮቲን «አለ» ማለት ብቻውን ለነርቭ ምንም ዋስትና እንደማይሆን ነው። ግዢውን የሚፈጽመው ክፍል አተር፣ ሽምብራና ባቄላ መሆኑን አስመርምሮ ይረከብ።

አሁን ገንዘቡስ ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ በጀት ከሰማይ አይወርድም። ስለዚህ ከቀላሉ እንነሳ። ለአንድ ልጅ 20 ግራም የሽሮ ዱቄት መጨመር ማለት 4 ግራም ፕሮቲን መጨመር ነው፤ ለ1,000 ልጅ በቀን 20 ኪሎ ዱቄት። ይህ ከማንኛውም ሥጋና ወተት የረከሰ ነው። ከአቅራቢዎችና ከመጋቢ እናቶች ማኅበራት ጋር በምትዋዋሉት ሰነድ ላይ «ሽሮ» ከሚለው ቃል ጎን ለአንድ ልጅ ቢያንስ ይህን ያህል ግራም ዱቄት የሚል ቁጥር ይግባ፤ ዋጋው ሲጨምርም የሚስተካከለው ብሩ እንጂ ግራሙ አይሁን። ቁርሱ ዳቦ በሻይ በሆነ ቀን ምሳው ፓስታ ወይም ሩዝ አይሁን፤ ምስር ወይም ክክ ይሁን። ዳቦ የሚጋግሩላችሁም የሽምብራ ወይም የአኩሪ አተር ዱቄት እንዲቀላቅሉ ቢደረግ ጣዕሙን ልጆቹ አያውቁበትም።

እንቁላሉን ለሁሉም ማዳረስ ካልተቻለ ለሕፃናት ማቆያዎቹ ብቻ ይሁን፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ። ረቡዕና ዓርብን የተውኩት ከወላጅ ጋር የማያስፈልግ ክርክር እንዳይነሳ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች በማቆያ የማታገኟቸው ከሆነ ቤት ለቤት የሚዞሩት አማካሪዎች ክብደትና ቁመት ሲለኩ ትናንት ልጁ ምን ምን እንደበላ ጠይቀው በዚያው ቅጽ ይመዝግቡ። ኪሎው ደህና ሆኖ ጥራጥሬም እንቁላልም ወተትም ያልቀመሰ ልጅ በቅጹ ላይ ቀይ ምልክት ይገባዋል።

ለዚህ አዲስ ጥናት አያስፈልግም። የምግቦቻችን ይዘት ሠንጠረዥ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬና የእንስሳት ተዋጽኦ በየዕለቱ እንዲበላ ይመክራል። የጎደለው አንድ የወጥ ቤት ሚዛንና ቁጥሩን የሚጽፍ ሰው ነው። ሰውን ከፈለጋችሁ፣ የኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ሽሮውን መዝነው ፕሮቲኑን ማስላት ይችላሉ፤ ርዕሱ ትምህርታቸው ውስጥ አለ። ቦሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከገርጂ ጀምሩና በመስከረም ትምህርት ሲጀመር የመጀመሪያው የግራም ሠንጠረዥ ከምግብ ዝርዝሩ አጠገብ ተለጥፎ እንየው። ፈቃዳችሁ ከሆነ በሐምሌ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ሚዛኑን ይዤ በምትሉኝ መመገቢያ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የገርጂ ነዋሪና የባዮሎጂ መምህር